ብርድ የሚናፍቅ ቁጥቋጦ

ብሉቤሪን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሐምሌ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ ባልዲውን ይዞ እርሻው ይደርሳል፤ ሲለቅም ያረፍዳል፤ ልጆች አፋቸውንም ልብሳቸውንም ያጠቁራሉ፤ የተለቀመው ተመዝኖ ሒሳብ ይከፈላል፤ ከዚያ ወደ ቤት። የሚያስደስት ውሎ ነው። ግን ማሳውን በዚያች ጠዋት ብቻ ያየ ሰው ሥራውን አላየም። ሐምሌ ላይ እጁ የገባችው ፍሬ እምቡጧ የተቋጠረው ባለፈው ዓመት፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነው። ትቅር ወይስ ትቆረጥ የተባለው በጥር፣ ቁጥቋጦው ሲገረዝ ነው። ከፈንገስ የተረፈችው በመጋቢት፣ ትልቅ ትሁን ትንሽ የተወሰነው በሚያዝያ ነው።

ይህ ለማንኛውም ብሉቤሪ እውነት ነው፤ ለኦርጋኒኩ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በመደበኛው እርሻ በሽታ ሲታይ የሚረጭ መድኃኒት ሞልቷል፤ ቅጠል ሲገረጣ በቀናት ውስጥ የሚደርስለት ማዳበሪያ አለ። የኦርጋኒክ ገበሬ መድኃኒቱ ጥቂት፣ ማዳበሪያውም ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ችግሩ በታየበት ወር የሚሠራው ብዙ ነገር የለም። ሥራው ተሠርቶ ማለቅ ያለበት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ብዙ ሰው ኦርጋኒክን «ያልተረጨ» ማለት ብቻ አድርጎ ይረዳዋል። በየወቅቱ እየተመላለስሁ ካየሁ በኋላ ለእኔ የገባኝ ሌላ ነው፦ ኦርጋኒክ እርሻ ማለት ለአንድ ወቅት ችግር በሌላ ወቅት መልስ የሚሰጥበት እርሻ ነው።

የማወራው በዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኘው የስካጂት ሸለቆ ነው። የስካጂት ወንዝ ከካስኬድ ተራሮች ወርዶ ባሕሩ አጠገብ ሲደርስ ደለሉን ዘርግቶ ያስቀመጠው ሜዳ ነው። ድንች፣ የአትክልት ዘር፣ ቱሊፕ የሚባለው አበባ፣ እንጆሪና ብሉቤሪ ይበቅልበታል። ደጋግሜ የሄድሁበት እርሻ የአንድ ቤተሰብ ነው። የእርሻው ባለቤት በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሴት ሲሆኑ ቁጥቋጦዎቹን አብዛኞቹን በእጃቸው የተከሉ ናቸው።

በጥር ማሳው ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር ያለው አይመስልም። ዝናቡ አያቋርጥም፤ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ተራራውን ሸፍኖታል፤ በአካባቢው በታጨዱት እርሻዎች ላይ ከሩሲያ አርክቲክ ተነሥተው የመጡ ነጫጭ ዝይዎች በሺዎች ሰፍረዋል። ብሉቤሪው ቅጠል የሚባል የለውም። ሆኖም ለጋ ቅርንጫፎቹ በብርዱ ቀልተዋል፤ ጭጋጉ ውስጥ ረድፉ በሙሉ ከሩቅ ይለያል። ቀረብ ብሎ ላየው ደግሞ ሐምሌ ከነቁጥሩ እዚያው አለ። ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት እምቡጦች ድቡልቡልና ወፍራም ናቸው፤ እነዚህ የአበባ እምቡጦች ናቸው። ከእነርሱ በታች ያሉት ቀጫጭንና ሹል የሆኑት ቅጠል የሚያወጡት ናቸው። አንዱ ወፍራም እምቡጥ ከአምስት እስከ አሥር አበባ ይይዛል፤ አንዱ አበባ አንድ ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ መቀስ ይዞ በረድፉ የሚሄድ ሰው የሚቆርጠው እንጨት ብቻ አይደለም። ፍሬውንም እየቆጠረ እየጣለ ነው።

«ይህን ሁሉ ነው የሚጥሉት?» አልኋቸው ገበሬዋን፤ እግራቸው ሥር የተከመረው ቅርንጫፍ እምቡጥ በእምቡጥ ነበር።

«እኔ ካልጣልሁት ለሁሉም ይደርስና ለማንም አይበቃም» አሉኝ። «ፍሬው ብዙ፣ ትንሽና ጎምዛዛ ይሆናል።»

ብሉቤሪ የሚያፈራው ባለፈው በጋ ባደገው ለጋ እንጨት ላይ ነው። አሮጌ ግንድ ለጋ እንጨት እያነሰው፣ ቅርንጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ከስድስት ዓመት በላይ የቆዩት አንድ ሁለት ግንዶች ከሥራቸው ይቆረጣሉ፤ ከመሬት የሚወጣው አዲስ ግንድ ይተካቸዋል። ቁጥቋጦው እንዲህ እየታደሰ አርባና ሃምሳ ዓመት ሊያፈራ ይችላል፤ ሥሩ ያረጃል፣ ግንዱ ግን መቼም ወጣት ነው።

መግረዙ ግን ለፍሬው መጠን ብቻ አይደለም። መሀሉ የተከፈተ ቁጥቋጦ ነፋስና ፀሐይ ይገባዋል፤ ዝናብ ሲያባራ ቶሎ ይደርቃል። ቅጠሉና አበባው ላይ የሚያርፈው ፈንገስ እርጥበት ይፈልጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ የምትመጣው ዝንብ ጥላና ርጥበት ትወዳለች። እነዚህን ሁለት ጠላቶች በበጋ የሚመክት ጠንካራ መድኃኒት በኦርጋኒክ ገበሬ እጅ የለም፤ ስለዚህ ገና ሳይመጡ ማረፊያ ያሳጧቸዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ማሳ ቢሆን ኖሮ እንኳ ከዚህ በላይ አይገጥምም።

በጥር ሌላም ሥራ አለ፤ ይህኛውን የሚሠራው ብርዱ ራሱ ነው። በሰሜን የሚበቅለው ረጅሙ የብሉቤሪ ዓይነት ከዜሮ እስከ ሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ማሳለፍ አለበት። ያን ካላገኘ ሙቀቱ ቢመጣ እንኳ በወጉ አይነቃም። ይህን ያስተዋለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ፍሬድሪክ ኮቪል ነው። ብርዱን እንዲያመልጡ ብሎ በሞቀ የመስታወት ቤት ያቆያቸው ተክሎች ጸደይ ሲመጣ እንደ ደነዘዙ ቀሩ፤ ውጪ በብርድ የከረሙት ግን በጊዜያቸው አቆጠቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1920 ይህን ሲያሳትም፣ ብርድ ተክልን የሚያስተኛ ብቻ ሳይሆን የሚቀሰቅስም መሆኑን አስረዳ። ተክሉ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሳስበው ጥበቡ ይደንቀኛል፦ በጥር አጋማሽ ሦስት አራት ሞቃት ቀን ቢመጣ እምቡጡ አይታለልም። የብርዱ ሰዓት እስኪሞላ ይጠብቃል።

ስለ ኮቪል ካነሣሁ አይቀር አፈሩን መጥቀስ ግድ ነው፤ ምክንያቱም የብሉቤሪ ታሪክ ከመሠረቱ የአፈር ታሪክ ነው።

ዛሬ በዓለም ገበያ ያለው ትልቁ ብሉቤሪ ከመቶ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ የማንም እርሻ ላይ አልነበረም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዱር የበቀለውን ለዘመናት ለቅመው በልተዋል፣ አድርቀው ለብርድ ወራት አስቀምጠዋል። ሰፋሪዎቹ ገበሬዎች ግን ከዱር ነቅለው ጓሯቸው ሲተክሉት ይሞትባቸው ነበር። የሚተክሉት ደግሞ ምርጥ ብለው ባሰቡት መሬት፣ ፍግ በጠገበ፣ ኖራ በቀመሰ አፈር ላይ ነበር። ኮቪል እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በሠራው ሙከራ የሚገድለው ይኸው እንክብካቤ መሆኑን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጥናት ብሉቤሪ አሲዳማ አፈር የሚፈልግ ተክል ነው አለ። ዛሬ ልኩ ይታወቃል፦ የአፈሩ ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 መሆን አለበት።

ጥናቱን በኒው ጀርሲ ያነበበች አንዲት ሴት ነበረች፤ ኤሊዛቤት ኋይት ትባላለች። አባቷ ኋይትስቦግ በተባለ ቦታ፣ ጥድ በሞላበት አሸዋማና ረግረጋማ ምድር ላይ ክራንቤሪ ያመርቱ ነበር። ያ መሬት ለስንዴም ለበቆሎም የማይሆን እየተባለ የሚታለፍ ነበር። ኤሊዛቤት እ.ኤ.አ. በ1911 ለኮቪል መሬቱንም ጉልበቱንም እናቅርብልህ ብላ ጻፈችለት። ከዚያ የሠራችው ሥራ ለእኔ ከምርምሩ አያንስም። ጫካውን የሚያውቁት የሰፈሩ ለቃሚዎች መሆናቸውን ተረድታ፣ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ የተበሳበት መለኪያ አደለቻቸው። በቀዳዳው የማታልፍ ፍሬ ያላትን ቁጥቋጦ ያገኘ ሰው ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ቁጥቋጦውም በስሙ ይጠራል። ሩብ ሊክ የተባለ ሰው ያገኘው ሩቤል ተብሎ ተሰየመ፤ የዘር ሐረጉም ዛሬ በምንበላቸው ብዙ ዝርያዎች ውስጥ አለ። ተመራማሪው የመረጣቸውን እያዳቀለ፣ እርሷ እያለማች፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በእርሻ የተመረተ ብሉቤሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀረበ።

አፈሩ ላይ ይህን ያህል የሚያስቸግረው ለምንድን ነው? የብሉቤሪ ሥር ሌሎች ሥሮች ያሏቸው ደቃቅ ጸጉሮች የሉትም፤ አብዛኛውም ከላይኛው ሠላሳ አርባ ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ጸጉሩን የሚተኩለት ሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ናቸው፤ ከበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ምግብ አውጥተው ያቀብሉታል። ናይትሮጂንንም ቢሆን የሚወደው በአሞኒየም መልክ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ውስጥ የሚቆየውም እርሱ ነው። አፈሩ ኖራማ ሲሆን ብረት ያጥረዋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ውሎ አድሮም ይሞታል። ብሉቤሪ ያለበት የዕፅዋት ቤተሰብ በአብዛኛው ጠባዩ ይህ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ተክል በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ እናውቃለን፤ አስታ ነው። አስታም እንዲሁ በቀዝቃዛና አሲዳማ አፈር ላይ፣ ሌላው ዛፍ በሚተወው ከፍታ ይኖራል።

በሀገራችን አሲዳማ አፈር በሽታ ነው። ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲድነት ያጠቃው ነው ይባላል፤ በጎጃምና በወለጋ ገብሱና ስንዴው እምቢ ሲል ገበሬው ኖራ ተሸክሞ ይበትናል። በስካጂት ያየሁት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ገበሬዋ አፈሩ በቂ አሲድ አልሆነም ብለው ድኝ ይበትናሉ። ይህን ስጽፍ ብሉቤሪ ለአሲዳማ መሬታችን መፍትሔ ነው የሚል አንባቢ እንዳይኖር እፈራለሁ። ብዙ ብርድ የማይፈልጉ ዝርያዎች አሁን አሉ፤ ኬንያ እያመረተች ወደ ውጭ ትልካለች፤ ፔሩ ደግሞ በበረሃማ የባሕር ዳርቻዋ ተክላ በአሥር ዓመት አካባቢ ውስጥ ከዓለም ቀዳሚ ላኪ ሆናለች። ነገር ግን ብሉቤሪ የጠብታ መስኖ፣ ማቀዝቀዣና ፈጣን መጓጓዣ የሚጠይቅ የገንዘብ ተክል ነው። ኖራ የሚጠብቀው ገበሬ የሚያስፈልገው አሁንም ኖራው ነው።

ፍግስ? ኦርጋኒክ እርሻ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ፍግና ኮምፖስት ነው። ብሉቤሪ ላይ ሁለቱም በጥንቃቄ ካልሆነ ይጎዳሉ፤ ጨው ይበዛባቸዋል፣ የአፈሩንም አሲድነት ይቀንሳሉ። ስለዚህ እዚህ ማሳ ላይ የሚበተነው የዶሮ ላባ ዱቄት ነው፤ በበጋው መጀመሪያ ደግሞ ከዓሣ ተረፈ ምርት የተሠራ ፈሳሽ በመስኖው ቱቦ ይለቀቃል። ላባ ቶሎ አይበሰብስም። በአፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ሰባብረው አሞኒየም እስኪያደርጉት ሳምንታት ይፈጃል፤ አፈሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይብስ ይዘገያል። ስለዚህ ተክሉ በግንቦት የሚበላው ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ መሬት ላይ መሆን አለበት።

በመጋቢት ሌላ አስቸኳይ ነገር አለ። ባለፈው በጋ ፈንገስ ይዟቸው ተጨማድደው የወደቁ ፍሬዎች ከቁጥቋጦው ሥር ተኝተው ከርመዋል። ልክ እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል፣ ከእነዚህ የሞቱ ፍሬዎች ላይ ትንንሽ ቡናማ ጽዋ መሰል ነገሮች ከመሬት ይወጣሉ፤ ዘራቸውን ወደ ነፋሱ ይለቃሉ። ዘሩ ለጋ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ሳነበው አላመንሁም ነበር። የታመመው ቅጠል ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሰው የማያየውን ንብ ግን የሚያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን አበባ በሚያንጸባርቅበት መንገድ ያንጸባርቃል። ንቡ አበባ መስሎት ያርፍበታል፤ የፈንገሱን ዘር በእግሩ ይዞ ወደ እውነተኛው አበባ ይሄዳል። ፍሬው ሐምሌ ላይ ሊበስል ሲል ጠንክሮ ይጨማደዳል፣ ይወድቃል፣ ዙሩም እንደገና ይጀምራል።

ለዚህ በሽታ ኦርጋኒክ ገበሬ የሚተማመንበት መላ ሰጋቱራ ነው። ጽዋዎቹ ከመውጣታቸው በፊት የወደቁት ፍሬዎች አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አዲስ የሰጋቱራ ጉዝጓዝ ሥር ከተቀበሩ ጽዋው ወደ ላይ አይደርስም። የዋሽንግተን ስቴት የእንጨት መሰንጠቂያዎች ሰጋቱራውን ያቀርባሉ። ጉዝጓዙ አረም ያፍናል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስ ደግሞ ያ ጸጉር አልባ ሥር የሚወደው ምግብ ይሆናል። ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይደለም፤ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጂን ይሻማል፣ የላባው ዱቄት መጠን በዚያ ልክ መጨመር አለበት። አረምንም በዶማ እንቆፍር ቢባል ሥሩ ላይ ላዩን ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ የቀረው በእጅ መንቀል ነው፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ ጉልበትና ገንዘብ የሚበላው ይኸኛው ነው።

በሚያዝያ ወደ ስካጂት የሚወስደው መንገድ ቱሊፕ ለማየት በሚጎርፈው መኪና ይጨናነቃል። ብሉቤሪውን የሚያይ የለም፤ እኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ይህን ወር ነው። አበባው ነጭ፣ ትንሽ፣ ወደ ታች የተደፋ፣ አፉ የጠበበ ነው። የአበባው ዱቄት ያለው በቱቦ መሰል ከረጢት ውስጥ ሲሆን የሚወጣው በጫፉ ባለች ቀዳዳ ብቻ ነው። ማር የምትሠራው ንብ ከፊሉን ታገኛለች እንጂ አራግፋ አታወጣውም። ይህን የሚችሉት ባምብልቢ የሚባሉት ትልልቅ ጸጉራም ንቦች ናቸው። አበባውን በእግራቸው ጨብጠው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ የደረታቸውን ጡንቻ ያንቀጠቅጣሉ፤ ድምፁ ከበረራቸው ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል፤ ዱቄቱም ይረግፍላቸዋል። ፍሬው የሚተልቀው በውስጡ በያዘው ዘር ብዛት ልክ ስለሆነ፣ በደንብ ያልተጎበኘ አበባ ትንሽ ፍሬ ይሰጣል ወይም ይረግፋል።

የዚህ ሸለቆ ሚያዝያ ደግሞ ቀዝቃዛና ዝናባማ ነው። በዚያ አየር የማር ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፤ ባምብልቢ ግን ትሠራለች። በዚያን ሰዓት ማሳው ላይ ያሉት በአብዛኛው ንግሥቶቹ ናቸው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ባለፈው መኸር ሞተው፣ መሬት ውስጥ ከርመው የወጡት እነርሱ ናቸው። አንዲት ንግሥት መሞቷ አንድ ሙሉ መንጋ መጥፋቱ ነው። እንግዲህ እነዚህ ንግሥቶች ብሉቤሪው ከማበቡ በፊት በየካቲትና በመጋቢት ምን ይበላሉ? ገበሬዋ በማሳው ዳር ያለውን የአኻያ ዛፍና ያልታጨደ ሣር ለዓመታት ሳይነኩ ያቆዩት ለዚህ ነው። ጎረቤቶቻቸው ቢሆኑ ያን ዳርቻ አርሰው ሁለት ረድፍ ይጨምሩበት ነበር። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ እርሻ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ሀብት ያ ያልታረሰ ዳር ነው።

ሐምሌ ይመጣል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሰማያዊ ሲሆን ግን ገና አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው ጣፋጭነቱ የሚሞላው። ከተለቀመ በኋላ ደግሞ አይጣፍጥም፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ለቃሚ ግንዱ በያዛት በኩል ቅላት የቀረባትን ፍሬ ያልፋታል፤ የደረሰችውን በአውራ ጣቱ ሲያንከባልላት ራሷ ትወድቅለታለች። አንድ ቀን አጠገቤ ይለቅሙ የነበሩ፣ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት አንዷን ፍሬ አንሥተው አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ አጋም ነው እንዴ?» አሉኝ። ቀምሰው እሾህ የሌለው አጋም ብለው አጸደቁት። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። ከሲያትልና ከአካባቢው የሚመጡ ብዙ የእኛ ቤተሰቦች እርሻውን የሚጎበኙት በዚያው በጾሙ ሁለት ሳምንት ነው፤ ዘግይተው የሚደርሱት ዝርያዎች ልክ በዚያን ጊዜ ይበስላሉ።

ፍሬዋን ጨምቃችሁ ያያችሁ እንደሆነ ጭማቂዋ ሰማያዊ አይደለም፤ ጥቁር ቀይ ነው። የቆዳዋ ቀለምም እንዲሁ ነው። ታዲያ ሰማያዊነቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2024 የእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት መልሱን ላይዋ ላይ ካለው ስስ ሰም አገኘው። የሰሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሰማያዊውንና አልትራቫዮሌቱን ብርሃን ይበትናሉ፤ ከሥራቸው ያለው ጥቁር ቀለም ሌላውን ይውጠዋል። ሰሙን በጣት ሲጠርጉት ፍሬዋ ትጠቁራለች። ይህ ሰም ውኃዋን የሚጠብቅላትም ነው፤ ስለዚህ ለቅመን ወደ ቤት የወሰድነውን ማጠብ ያለብን ልንበላው ስንል ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያች ዝንብ። ከምሥራቅ እስያ የመጣች፣ ወንዱ በክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ደቃቃ የፍራፍሬ ዝንብ ናት። በካሊፎርኒያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ኦሪገንና ዋሽንግተን ደርሳ ነበር። አብዛኞቹ የቅርብ ዘመዶቿ የሚፈልጉት የበሰበሰ ፍሬ ነው። የዚህችኛዋ ሴቷ ግን እንቁላል መጣያዋ የመጋዝ ጥርስ ስላለው ገና ሊበስል ያለውን ጤነኛ ፍሬ ሰንጥቃ ትጥላለች። በሞቃት ቀናት ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ልጆቿ አድገው እነርሱም ይጥላሉ። ለኦርጋኒክ እርሻ ከተፈቀዱት መድኃኒቶች ጥሩ የሚሠራው ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኘው ስፒኖሳድ ነው፤ ብቻውን ከተደጋገመ ግን ዝንቧ ትለምደዋለች፤ በካሊፎርኒያም የለመዱት ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በትውልድ አገሯ የሚያጠቃትን ደቃቅ ተርብ አምጥቶ የመልቀቅ ሥራ በአሜሪካ ተጀምሯል፤ ትልቅ ተስፋ አደርግበታለሁ። እስከዚያው መላው ቶሎ ቶሎ መልቀም፣ የወደቀውን ማንሣት፣ የተለቀመውን ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው። ጥር ላይ የተከፈተው የቁጥቋጦ መሀል ዋጋው የሚታየውም አሁን ነው፤ ፀሐይ የገባው ቅርንጫፍ ላይ የምትገኘው ዝንብ ያንሳል።

ቶሎ ቶሎ መልቀም ማለት ሰው ማለት ነው። በዚህ ሸለቆ ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ከደቡብ ሜክሲኮ፣ ከኦሃካ የመጡ ናቸው፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በስፓኒሽ ሳይሆን በሚክስቴክ ቋንቋ ነው። የኦርጋኒክ ማረጋገጫው ስለ አፈሩና ስለ መድኃኒቱ ይናገራል፤ ስለ ለቃሚው ደመወዝና ስለ ማደሪያው ምንም አይናገርም። ለሚገዛ ሰው ይህን መለየት ተገቢ ይመስለኛል። እኔ የምሄድበትን እርሻ የመረጥሁት ለቃሚዎቹ በየዓመቱ ተመልሰው የሚመጡ በመሆናቸውም ነው።

በጥቅምት ሸለቆው ባዶ ይሆናል፤ ብሉቤሪው ግን እሳት ለብሷል። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት የሚቀጥለው ሐምሌ ፍሬ እምቡጥ ተቋጥሮ አልቋል። የቀኑ ማጠር ከሚታወቅበት ከነሐሴ ወዲህ ተክሉ ማደግ ትቶ እምቡጥ መሥራት ላይ ነው፤ ከሐምሌ በኋላ ማዳበሪያ የሚቆምበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዘግይቶ የሚደርስ ናይትሮጂን ለጋ ቅጠል ያስወጣዋል፣ ለጋውንም ብርዱ ይገድለዋል።

ባለፈው ጥቅምት ገበሬዋን ያገኘኋቸው ከማሳቸው አጠገብ ባለ የድንች መሬት ላይ ነበር። ገዝተውታል። ድኝ እየተበተነበት ነው። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋሉ፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ የሚተከለው በሚቀጥለው ዓመት ነው። መሬቱ ኬሚካል የተረጨበት ስለነበር ፍሬው ኦርጋኒክ ተብሎ ሊሸጥ የሚችለው የመጨረሻው የተከለከለ ነገር ከተነካው 36 ወር ሲሞላው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጸደዮች አበባው በእጅ እየተቀነጠሰ ይጣላል፤ ተክሉ ሥሩን እንዲያበጅ። ሙሉ ምርት የሚገኘው ከተከላው ሰባትና ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

የትኛውን ዝርያ እንደሚተክሉ ጠየቅኋቸው። ለፍልሰታ የሚደርሰውን፣ ብዙ ለቃሚ ቤተሰብ የሚወደውን ዘግይቶ የሚበስል ዓይነት ይሉኛል ብዬ ነበር። «ዱክ» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ዝርያ ነው፤ ዘግይቶ ያብባልና ውርጭ ያመልጠዋል፣ ቀድሞ ይበስላልና ዝንቧ ከመብዛቷ በፊት ተለቅሞ ያልቃል። ችግኝ አፍይው አንድ ዓመት ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ ትእዛዙን በዚያው ሳምንት ላኩ።